አቅማቸው የተለያየ የላፕቶፕ ድንጋዮችን ፓራሌል ማሰር፦ ትንሹ ቀድሞ አያልቅም?

ሮቢት_ጥገና (ደሴ) · ማክሰኞ ማታ 2:10

እንዴት አመሻችሁ ጀመዓው። ደሴ ላይ ሞባይልና ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ከተጣሉ የላፕቶፕ ባትሪዎች ያወጣኋቸው ብዙ 18650 የሚባሉ ድብልብል የሊትየም ድንጋዮች እጄ ላይ አሉ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩንና ሁለት የኤል ኢ ዲ አምፖል የሚይዝ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ልሠራባቸው አስቤአለሁ። ሦስት ረድፍ በሲሪየስ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጋቲቭ)፣ በየረድፉ አራት አራት ድንጋይ በፓራሌል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ)። ቢ ኤም ኤስ (ባትሪውን የሚቆጣጠርና ከልኩ ሲያልፍ የሚዘጋ ሰሌዳ) አለኝ።

ያጠራጠረኝ አቅማቸው ነው። በሚለካ ቻርጀር አንድ በአንድ ሞልቼ አውርጄ ሳያቸው ገሚሶቹ 2,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ ይይዛሉ፤ ገሚሶቹ 1,300 ላይ ያበቃላቸዋል። ትልቁንና ትንሹን ጎን ለጎን ፓራሌል ሳስራቸው ጭነቱን እንዴት ነው የሚካፈሉት? እኩል ከተካፈሉ ትንሹ ቀድሞ አልቆ አይበላሽም? ጠይቄ የማገኘው መልስ ሁሉ እርስ በርሱ የሚጋጭ ስለሆነ እዚህ አመጣሁት።


የቦርከና_ልጅ (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ ማታ 2:41

ተው፣ አትቀላቅል። ፓራሌል ማለት ቮልቴጃቸው አንድ ነው ማለት ነው። ቮልቴጃቸው አንድ ከሆነ ደግሞ እኩል ይካፈላሉ። 3 አምፒር ብትስብ ለእያንዳንዳቸው 1.5 ይደርሳቸዋል። ባለ 1,300ው ሰዓት ሳይሞላው ባዶ ይቀራል፣ ትልቁ ግን ገና ግማሽ ያህል ይቀረዋል። ከዚያ ትልቁ እየሠራ ትንሹን ከልኩ በታች ያወርደዋል። ተመሳሳይ አቅም ያላቸውን ብቻ እሰር።


መምህር_ኤሌክትሪክ (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ ማታ 3:20

የቦርከና ልጅ፣ ስጋትህ ትክክል ነው፤ ግን ስጋቱ የሲሪየስ ነው። በሲሪየስ አንድ ዓይነት ከረንት በሁሉም ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ትንሹ ቀድሞ ያልቃል፣ ሌሎቹም በላዩ ላይ እየገፉ ዋልታውን እስከ መገልበጥ ይደርሳሉ። በፓራሌል ግን አንድ የሚሆነው ቮልቴጁ ነው። ከረንቱን እኩል እንዲካፈሉ የሚያስገድዳቸው ምንም ነገር የለም። እያንዳንዱ ሴል (ድንጋይ) የሚሰጠው ሁለት ነገር ተመልክቶ ነው፦ በዚያች ሰዓት የራሱ የውስጥ ቮልቴጅ ስንት ነው፣ የውስጥ ሬዚስታንሱስ (ከረንቱን ውስጡ የሚያግድበት መጠን) ስንት ነው።

የሮቢትን ሁለት ድንጋዮች እንውሰድ። ትንሹ እኩል ሊሰጥ ቢሞክር የእሱ የውስጥ ቮልቴጅ ከትልቁ ቀድሞ ይወርዳል። ሲወርድ የሚሰጠው ከረንት ይቀንሳል፣ ትልቁ ደግሞ ቀሪውን ይሸፍናል። ይሄ ሲሄድ ሲሄድ የሁለቱ ቮልቴጅ አብሮ በእኩል ፍጥነት የሚወርድበት ሁኔታ ላይ ይረጋል። በእኩል ፍጥነት እንዲወርዱ ደግሞ ከረንታቸው እንደ አቅማቸው መሆን አለበት። ከ3 አምፒሩ ባለ 2,500ው ወደ 2 ገደማ፣ ባለ 1,300ው ወደ 1 ገደማ ይሰጣል። የሚያልቁትም አብረው ነው።

ይሄ ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አይጀምርም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ስለሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። አቅማቸው እኩል የሆነ፣ ሁለቱም 2,600፣ ሁለት ሴል እንውሰድ። የአንዱ የውስጥ ሬዚስታንስ 40 ሚሊ ኦም፣ ያረጀው የሌላው 80 ይሁን። እኩል ሞልተው 3 አምፒር ስንስብባቸው መጀመሪያ ላይ ወሳኙ ሬዚስታንሱ ብቻ ነው፤ ባለ 40ው 2 አምፒር፣ ባለ 80ው 1 አምፒር ይሰጣሉ። ብዙ የሰጠው ቶሎ ስለሚወርድ ድርሻው ይቀንሳል። ከሙሉ እስከ ባዶ ቮልቴጁ ወደ 1 ቮልት ያህል በእኩል ይወርዳል ብለን ብናሰላ፣ በ9 ደቂቃ ገደማ ልዩነታቸው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ላይ ሁለቱም ወደ 1.5 ተጠግተዋል። እውነተኛው የቮልቴጅ መውረጃ መስመር ቀጥ ያለ አይደለም። ቮልቴጁ ጋደም በሚልበት መሀል ላይ መስተካከሉ ይዘገያል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ብዙ የሰጠው ጠንካራው ቮልቴጁ ቶሎ ወደሚወርድበት ቁልቁለት ቀድሞ ስለሚገባ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች የሚሸከመው ያረጀው ነው። ያረጀ ድንጋይ በፓራሌል ውስጥ የሚሞቀው አብዛኛውን ጊዜ ሊያልቅ ሲል የሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም 1.5 እየሰጡ ሳለ አምፖሉን አጥፉት። ያኔ የውስጥ ቮልቴጃቸው በ0.06 ቮልት ይለያያል። ያን በ120 ሚሊ ኦም ስታካፍሉት ግማሽ አምፒር ይመጣል። ምንም ዕቃ ሳይበራ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ካረጀው ወደ ጠንካራው ግማሽ አምፒር ይፈስሳል ማለት ነው፤ ከዚያም ቀስ በቀስ እየከሰመ ይሄዳል። ፓራሌል የታሰሩ ሴሎች መካከል ያለው ሥራ ማብሪያው ሲጠፋ አይቆምም።


ሮቢት_ጥገና (ደሴ) · ማክሰኞ ማታ 3:52

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዲህ ተደርጎ ሲብራራ አይቼ አላውቅም። እሺ፣ አቅሙ ካላስቸገረ ሌላ ጥያቄ አለኝ። አሁን ገሚሶቹ ሙሉ ናቸው፣ 4.15 ያሳያሉ። ገሚሶቹ 3.45 ላይ ናቸው። ካሰርኳቸው ራሳቸው ይመጣጠናሉ ማለት ነው? በዚያው ልበይዳቸው?


ሰኞ_ገበያ_ሶላር (ደሴ) · ማክሰኞ ማታ 4:05

ሮቢት፣ እንዳትበይድ! ፓራሌል ላይ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ባገናኘህባት ቅጽበት ነው።

ልዩነቱ 0.7 ቮልት ነው። የሁለቱ የውስጥ ሬዚስታንስ 60 60 ሚሊ ኦም ቢሆን ድምሩ 0.12 ኦም ነው። 0.7ን ለ0.12 ስታካፍለው ወደ 6 አምፒር ይጠጋል። የላፕቶፕ ድንጋይ ቻርጅ ሲደረግ የሚወደው ከ1 እስከ 1.3 አምፒር ነው። ያም ለሁለት ብቻ ነው። አምስት ሙሉ ድንጋዮች ታስረው ስድስተኛውን ባዶ ብትጨምር የአምስቱ ሬዚስታንስ በአምስት ተካፍሎ 12 ሚሊ ኦም ይሆናል፤ ባዶው ላይ የሚገባው ወደ 10 አምፒር ይደርሳል። ሙሉዎቹ በበዙ ቁጥር ባዶውን የሚከላከልለት የራሱ ሬዚስታንስ ብቻ ነው የሚቀረው። ድንጋዮቹን የሚያገናኘውን የኒኬል ሪባን ስታስነካ ጣትህ ላይ የሚረጨው ብልጭታ እሱ ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ከቻልክ ሁሉንም ለየብቻ 4.2 ሙላና ከዚያ እሰር። ካልቻልክ በመካከላቸው የባጃጅ የፍሬን አምፖል፣ ባለ 12 ቮልት 21 ዋቱን፣ አስገባ። 0.7 ቮልት አያበራውም፤ ክሩ ግን ቀዝቃዛ እያለም ግማሽ ኦም ገደማ ሬዚስታንስ ስላለው ከረንቱ ከ1 አምፒር አካባቢ አያልፍም። ሰዓታት ስጠው። ቴስተርህ በሁለቱ መካከል ከ0.02 ቮልት በታች ሲያሳይ አምፖሉን አውጣና በይድ።


የቦርከና_ልጅ (ኮምቦልቻ) · ረቡዕ ጠዋት 1:30

የመምህር ሒሳብ አሳምኖኛል፣ ሌሊቱን ራሴ ደግሜ ሠራሁት። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ራሳቸው የሚካፈሉ፣ ራሳቸው የሚመጣጠኑ ከሆነ ባለሙያው ሁሉ ያረጀን ከአዲስ አትቀላቅሉ የሚለው ለምንድን ነው?


መምህር_ኤሌክትሪክ (ኮምቦልቻ) · ረቡዕ ቀን 6:45

ጥያቄው ይሄ ነው።

ፓራሌል የታመመን ሴል ይደብቃል። ትልቁ ጥፋቱ ይሄ ይመስለኛል፤ ተማሪዎቼንም ሁልጊዜ የምጨቀጭቃቸው በዚህ ነው። የሮቢት ባትሪ ውስጥ 12 ሴል አለ፤ ቢ ኤም ኤሱ ግን የሚያየው ሦስት ቮልቴጅ ብቻ ነው። አራቱን ፓራሌል እንደ አንድ ትልቅ ሴል ይቆጥራቸዋል። ከአራቱ አንዱ ተቀምጦ በራሱ የሚያልቅ ቢሆን ሦስቱ ቀን ከሌሊት ይሞሉለታል። ቮልቴጁ የአራቱም አንድ ስለሆነ በቴስተር ብትለካም የትኛው እንደሆነ አታውቅም። የምታየው አንዱ ረድፍ ከሌሎቹ ሁለት ቶሎ እየወረደ መሄዱን ብቻ ነው። በመጨረሻ ያ ሴል ውስጡ ሾርት ቢያደርግ ሦስቱ ያላቸውን ሁሉ በእሱ ላይ ያፈስሱበታል፤ ቢ ኤም ኤሱ ይሄን ከረንት አይቆርጠውም፣ ምክንያቱም በእሱ ውስጥ አያልፍም። እሳት የሚነሣው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ሮቢት፣ አቅም ከመለካትህ ይልቅ መቆየታቸውን መለካትህ ይበልጣል። ሁሉንም 4.2 ሙላቸው፣ ለየብቻ ሁለት ሳምንት አስቀምጣቸው፣ ከዚያ ለካ። ሌሎቹ 4.17 ላይ ሆነው አንዱ ብቻ 4.05 ከወረደ እሱን ከነአቅሙ ጣለው። አቅሙ 2,500 ቢሆንም ጣለው! ቻርጅ ሲደረግ እጅ የሚያሞቀውንም እንዲሁ። 1,300 ይዞ ቮልቴጁን የሚጠብቅ ድንጋይ 2,500 ይዞ ከሚያፈስ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን ሴል ፖዘቲቭ ከሪባኑ ጋር የምታገናኝበት ሽቦ ራሱ ፊውዝ ይሁን። 0.2 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 7 አምፒር አካባቢ ላይ ይቀልጣል። አንዱ ሾርት ቢያደርግ ሽቦው ተበጥሶ እሱ ብቻ ይወጣል፣ ሦስቱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የኤሌክትሪክ መኪና የሚሠራው ቴስላም እንዲሁ ነው ያደረገው። የሞዴል ኤስ ባለ 85 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ውስጥ 7,104 ሴል አለ፤ 74 በፓራሌል፣ 96 በሲሪየስ። እያንዳንዱ ሴል በቀጭን ሽቦ ነው የተያዘው፤ ያ ሽቦ ፊውዙ ነው።

ሦስተኛ፣ ረድፎቹ እርስ በርሳቸው ሲሪየስ መሆናቸውን አትርሳ። የቦርከና ልጅ ያለው እዚያ ላይ በደንብ ይሠራል። አራቱን ትልልቅ አንድ ረድፍ ላይ፣ አራቱን ትንንሽ ሌላ ረድፍ ላይ ብታደርግ ትንሹ ረድፍ ቀድሞ ያልቅና ቢ ኤም ኤሱ ሁሉንም ይዘጋል። በየረድፉ ሁለት ባለ 2,500 እና ሁለት ባለ 1,300 አድርግ፤ ሦስቱም 7,600 ይሆናሉ። በፓራሌል ውስጥ መደባለቅ ይቻላል፣ በረድፎች መካከል ግን ድምሩ እኩል መሆን አለበት።


ሱቅ_በሆጤ (ደሴ) · ረቡዕ ማታ 1:15

ወንድሞቼ፣ እኔ የድንጋዩን አላውቅም፤ የሱቄ ግን የአሲድ ባትሪ ነው። ሶላሩ ላይ አንድ ባለ 100 አምፒር ሰዓት የቆየ ባትሪ ነበረኝ። ሲደክምብኝ አዲስ ባለ 100 ገዝቼ ጎኑ ፓራሌል አሰሩልኝ። አሁን አሮጌው ቀን ቀን ይሞቃል፣ ይንቀለቀላል፣ ሽታም አለው። አዲሱ ግን ቀዝቃዛ ነው። ያሰረልኝ ልጅ «ሥራ እየተካፈሉ ነው» ይላል። እውነት ነው?


ሰኞ_ገበያ_ሶላር (ደሴ) · ረቡዕ ማታ 1:32

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ግን ዛሬውኑ አሮጌውን አላቂው። ሶላሩ በማይሞላበት በማታ ሰዓት፣ ኔጋቲቩን አስቀድመሽ ፍቺ። ሱቁ ውስጥ ከሆነ መስኮቱ ይከፈት፤ ያ የሚንቀለቀለው ሃይድሮጅን ነው፣ ክብሪትም ሲጋራም አጠገቡ አይድረስ።

የሆነው ይሄ ይመስለኛል። ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ውስጡ ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 2 ቮልት ገደማ። አሮጌው ላይ አንዱ ክፍል ሾርት ሆኖ ሞቷል። ለብቻው ነጥለሽ አሳድረሽ ብታስለኪው 10.5 አካባቢ ካሳየ በቃ እሱ ነው። ቀን ቻርጅ መቆጣጠሪያው 14.4 ቮልት ይሰጣል። ለስድስት ክፍል ሲካፈል 2.4 ነው፣ ልኩ። ለቀሩት አምስት ሲካፈል ግን 2.88 ይደርሳቸዋል። ያ ለአምስቱ ከልክ በላይ ነው፣ ለዚህ ነው የሚፈላው። ማታ ደግሞ አዲሱ ባትሪሽ መብራት እየሰጠሽ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሞተው እያፈሰሰ ነው። «ሥራ መካፈል» አይደለም ይሄ።

አሮጌው ደህና ቢሆን ኖሮስ? ከአዲስ ጋር መታሰሩ ሁልጊዜ አይገድልም፤ መምህር ያሉት መካፈል ለአሲድ ባትሪም ይሠራል። ብቻ አዲሱ በአሮጌው ልክ ያረጃል፣ ገንዘብሽን ታባክኛለሽ። እኔ ለደንበኞቼ የምለው ሁለቱም የአንድ ጊዜ ግዢ፣ የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ መጠን ይሁኑ ነው።

በዚሁ የገመዱን ነገር ላንሳ፤ በየሱቁ የማየው ስህተት ነውና። ሦስት ባትሪ አስረው ፖዘቲቩንም ኔጋቲቩንም ከመጀመሪያው ባትሪ ላይ ያወጡታል። የእያንዳንዱ ባትሪ ሬዚስታንስ 10 ሚሊ ኦም፣ ባትሪ ከባትሪ የሚያገናኘው እያንዳንዱ ገመድ ከነማሰሪያው 1 ሚሊ ኦም ይሁን፤ 60 አምፒር ስትስቡ የመጀመሪያው 25.6፣ ሁለተኛው 18.8፣ ሦስተኛው 15.6 ይሰጣሉ። ሲሞላም እንዲሁ ያዳላል። የመጀመሪያው ያለ ጊዜው የሚሞተው ለዚህ ነው። ፖዘቲቩን ከመጀመሪያው፣ ኔጋቲቩን ከመጨረሻው ብታወጡት ግን 20.6፣ 18.8 እና 20.6 ይሆናል። አንድ ገመድ ማዘዋወር ነው፣ ወጪ የለውም!

ሙቀትንም አትናቁ። ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ፀሐይ የሚመታው ባትሪ ሬዚስታንሱ ስለሚቀንስ ከጎረቤቱ ይበልጥ ይሠራል። 14.4 የሚባለው ለ25 ዲግሪ ነው፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ለባለ 12 ቮልቱ 0.02 ቮልት ገደማ መቀነስ አለበት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሞቃቱ ኮምቦልቻ የሚገጠመውን ደሴ ላይ ባስተካከሉት ቁጥር መተው ልክ አይደለም።


ሱቅ_በሆጤ (ደሴ) · ሐሙስ ጠዋት 2:20

ማታውኑ አስፈታሁት። ዛሬ ጠዋት ለብቻው ሲለካ 10.4 ነው። አላህ ይስጥልኝ።


ባለ_ኤሌክትሪክ_ባጃጅ (ኮምቦልቻ) · ሐሙስ ቀን 9:10

ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ልጠይቅ። የኤሌክትሪክ ባጃጄ ባትሪ ሊትየም አይረን ፎስፌት ነው። ርቀት እንዲጨምርልኝ ከሌላ ባጃጅ ሁለተኛ ባትሪ አግኝቼ ፓራሌል ላደርገው ነው። ሁለቱንም በቴስተር ለካኋቸው፣ ቮልቴጃቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል። እኩል ከሆነ ማሰር እችላለሁ አይደል?


መምህር_ኤሌክትሪክ (ኮምቦልቻ) · ሐሙስ ማታ 2:00

እዚህ ላይ ቴስተሩ አይበቃም። በላፕቶፕ ድንጋይ ቮልቴጅ እኩል ከሆነ መጠናቸውም ይቀራረባል፤ ከሙሉ ወደ ባዶ ሲሄድ ቮልቴጁ በግልጽ ይወርዳልና። ፎስፌቱ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን 3.2 እና 3.3 መካከል ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። አንዱ 70 ከመቶ፣ ሌላው 35 ከመቶ ሆነው ቴስተሩ ላይ በሴል ጥቂት የመቶኛ ቮልት ያህል ብቻ ነው የሚለያዩት። ስትፈታም ስታስርም ብልጭታ አታይም። ግን ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ የሚመጣጠኑትም በጣም በዝግታ ነው፤ አንዱ ጎዶሎ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

ይሄ የሚገለጥብህ ሐረጎን ስትወጣ ነው። ሞተሩ 60 አምፒር ይስብ፣ የእያንዳንዱ ባትሪ ቢ ኤም ኤስ እስከ 50 የሚፈቅድ ይሁን። 30 30 እየሰጡ ትወጣለህ። ጎዶሎው ያልቅና ቢ ኤም ኤሱ ይዘጋል። 60ው በሙሉ በዚያች ሰኮንድ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል፤ እሱም ከልኩ ስላለፈ ይዘጋል። ገና ቻርጅ እያለህ ዳገቱ ላይ ኃይል ሙሉ በሙሉ ይጠፋብሃል።

ስለዚህ ከማሰርህ በፊት ሁለቱንም በየራሳቸው ቻርጀር እስከ መጨረሻው ሙላ፣ በሴል 3.65 እስኪደርስ። ከዚያ አሳድራቸውና ጠዋት እሰር። ጭነቱንም አንዱ ለብቻው ሊሸከመው የሚችል መሆኑን ከባትሪው ጽሑፍ ላይ አረጋግጥ። ካልቻለ አታስራቸው፤ አንዱን ተጠቅመህ ሲያልቅ ወደ ሌላው የምታዞርበት ማብሪያ ይሻልሃል።


ባለ_ኤሌክትሪክ_ባጃጅ (ኮምቦልቻ) · ሐሙስ ማታ 2:18

ገባኝ መምህር። ፊውዝ ግን አለኝ፤ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ወፍራም ገመድ ላይ ነው ያለው። ያ አይበቃም?


ሰኞ_ገበያ_ሶላር (ደሴ) · ሐሙስ ማታ 2:30

እሱ ሞተሩንና ገመዱን ይጠብቅልሃል፤ በባትሪና በባትሪ መካከል የሚፈሰው ግን በእሱ ውስጥ አያልፍም። ለእያንዳንዱ ባትሪ የራሱ ፊውዝ፣ ከፖዘቲቩ ሳይርቅ፣ ሁለቱ ገመዶች ከመገናኘታቸው በፊት ይግባ። መጠኑ ባትሪው ለብቻው ከሚሰጠው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከገመዱ አቅም ግን ያነሰ ይሁን። የምትገዛው ፊውዝ ላይ የተጻፈው የዲሲ ቮልት ከባትሪህ ሙሉ ቮልቴጅ የሚበልጥ መሆኑን አንብብ፤ የመኪናው ባለ 32 ቮልት ፊውዝ ለባጃጅህ አይሆንም፣ ቢቀልጥም ብልጭታው ውስጡ ሊቀጥል ይችላል።